ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካሚዮን

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

ቅዳሜ፤ ገበያ። ከእማዬ ጋር ቆጮ ይዘን ወጣን። እሷ ትሸጣለች፣ እኔ ከኋላዋ እቀመጣለሁ። ገዢዋ "ይቺ ልጅሽ አትናገርም እንዴ?" አለቻት። እማዬም "ሲያሻት ትናገራለች" አለች። መቼ ነው የሚያሻኝ? እኔም አላውቅ።

ከሰዓት በኋላ ተረፈ ከጣሊያን ቢሮ ተመለሰ። ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ወንድሜ ጅቡቲ አራት ዓመት ካሚዮን ነድቷል፤ ጨው ወደ ወደቡ ሲያመላልስ ነበር። ፈረንሳዮች የሰጡት መንጃ ፈቃድ ፎቶግራፉ አለበት። አይቼዋለሁ፤ ያምራል። የቢሮው ጣሊያን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ሳቀብኝ አለ። "ይህ እዚህ አይሠራም። ተማሪ ሆነህ ትጀምራለህ፣ ትፈተናለህ።"

"ተማሪ! እኔ ተማሪ!" እያለ ጓሮ እንሰቱ መሃል ሲንጎራደድ ዋለ።

እማዬ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። "ባንዳውስ?"

ተረፈ ፈቃዱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ሥራ የሌለው ወጣት ሁሉ ባንዳ ይገባል ተብሏል። ጠመንጃ ሰጥተው ወደ ጨቦ ይልኩታል፤ ጫካ ያሉትን አርበኞች እንዲወጋ። አባባ ደግሞ ጨቦ ጫካ ውስጥ ነው… ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ለማን ልንገረው?

ጥቅምት ፲፭

ጋሽ ሸምሶ ካሚዮናቸውን ሊሰጡት ነው! ከቡታጅራ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱት፣ የጓደኛዬ የዘይባ አባት። ሹፌራቸው ወባ ይዞት አገሩ ገባ፤ ካሚዮኑ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል።

"ተረፈ፣ ፈቃዱን ብቻ አምጣ" አሉት። "ከዚያ ወዲያ መሪው ያንተ፣ ጭነቱ የኔ፣ መንገዱ የአላህ ነው።"

"ፈቃዱን ባላመጣስ?"

"እሱንማ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ፣ ልጄ።"

ፈቃድ ያለው ሹፌር ባንዳ አይገባም። ጣሊያኖች ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ይፈልጋሉ። ፈተናው ኅዳር አሥራ አራት ነው፤ ፈታኙ ከጅማ ይመጣል። አንድ ቀን ብቻ ውሎ ይመለሳል።

ጥቅምት ፲፰

ተማሪ የሚነዳው ካሚዮን ከፊትና ከኋላ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል አሉ። እማዬ አሮጌ ቀይ መቀነቷን ቀድዳ ሰጠችው። ሲያስረው ጥርሱን ነክሶ ነበር። ልጆች እየተከተሉ "ተማሪ! ተማሪ!" አሉት። ዘይባ ሱቁ ደጃፍ ቆማ "ጋሼ ተረፈ፣ ካሚዮኑን ልትድረው ነው እንዴ? አስጊጠኸዋል!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ በግድ።

እኔ እንዴት እንደሷ መናገር አቃተኝ? እንዲያ ያለ ነገር አፌ ላይ ይመጣል። ከዚያ እውጠዋለሁ።

ጥቅምት ፳

አዲስ ሥራ አገኘሁ። ድንጋይ ያዥ!

የካሚዮኑ የእጅ ፍሬን አይይዝም። ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል። ይህ የወንድ ልጅ ሥራ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ባንዳውን ፈርተው ዘመድ ቤት ተበታትነዋል። ተረፈ ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺ ነይ። ብቻ አትተኚ።" እኔ መቼ ተኝቼ?

ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩን ጭኔ ላይ አድርጌ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ሰው ሁሉ ያያል።

ለጥ ባለው መንገድ ላይ ወንድሜ ሌላ ሰው ነው። መሪውን በሁለት ጣት ነው የሚይዘው። ዳገት ሲደርስ ግን… ሞተሩ ይጠፋል፤ እኔ እዘላለሁ፣ ድንጋይ አኖራለሁ፤ ያስነሳል፤ ደግሞ ይጠፋል።

"ጅቡቲ ዳገት የለም" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "ጨውና አሸዋ ብቻ። እዚህ እግሬ ሁለት፣ የምረግጠው ሦስት።" ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ። ስማቸውን ያዝኩ።

ጥቅምት ፳፬

ክፉ ቀን።

ፈተናው በእምድብር መንገድ ነው ተባለ፤ የአባባ ትውልድ ሰፈር ያለው ዳገት ሹፌር ይለያል ብለው። ልንለማመድበት ሄድን። መንገዱ የቸሃ ሰፈራችንን ጀፎሮ ጫፍ ጫፉን ይዞ ይወጣል። ያ ሰፊ ሣር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ቤቶቹ ተሰልፈው የሚያዩት። ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ ዝግባው ሥር ይቀመጣሉ። አጎቴ ደበሌም መሃላቸው፤ የአባባ ታላቅ ወንድም።

በእኛ አገር በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ይወርዳል። ወርዶ፣ ሰላም ብሎ፣ በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ያልፋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ካሚዮን ግን በቅሎ ነው?

ተረፈ አልቆመም። መቆም አልቻለም፤ ከቆመ አይነሳለትም። በጎናቸው አለፍን፣ ከፍ ብለን ተቀምጠን፣ አቧራ እየበተንን። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል አጎቴ ደበሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነስተዋል። አላስቆሙንም። ዝም ብለው አዩን።

ከሰዓት በኋላ ሰው ላኩብን። "የአበራ ልጅ በላያችን አለፈ። አባቱ ቢኖር ይወርድ ነበር በሉልኝ።" እማዬ አለቀሰች።

ጥቅምት ፳፯

ዛሬ ወረደ።

እዚያው ዳገት ላይ ካሚዮኑን አቁሞ፣ ለእኔም ሳይነግረኝ፣ ዱብ ብሎ ወርዶ ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠ። የአጎቴን ጉልበት ሲስም አየሁት። ከዚያ… መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። ካሚዮኑ ነው! ወደ ኋላ፣ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። በሩ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። ዘልዬ ወደቅሁ፣ ድንጋዩን ወረወርኩት፣ ጎማው ዘሎት ሄደ። መንገዱ ዳር ያለውን የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን አጥር ጥሶ እንሰታቸው ላይ ወጥቶ ቆመ።

ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ተልጧል።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወጥተው የተሰበረውን እንሰት አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተረፈን አዩ። "ጎሽ" አሉ። "እኔን ሰላም ለማለት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣህ!" ሽማግሌዎቹ እንኳን ሳቁ። አጎቴ ብቻ አልሳቁም። ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ወርዶላቸዋል።

ስንመለስ ተረፈ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ።

ጥቅምት ፴

ነገሩን ለዘይባ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ፈታኙ ፊትስ እንዲያ ቢያደርግ?"

ኅዳር ፪

ተረፈ የጣሊያኑን አስተርጓሚ ጠየቀው፤ የኤርትራ ሐማሴን ነው፣ ቀጭን ሰው፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ። "በፈተና ላይ ሹፌር ከወንበሩ ቢነሳስ?" ብሎ።

"ወድቋል" አለው። "ንጉሥ ቢመጣ አትነሳም። እናትህ ብትመጣ አትነሳም።"

"ሽማግሌ ቢመጣስ?"

አስተርጓሚው ሳቀበት። "ወንድሜ፣ ፈታኙ የጣሊያን ማሬሻሎ፣ የጦር ሹም ናቸው። ሽማግሌ ምን እንደሆነ አያውቁም።"

ተረፈ እራት አልበላም። "ካልወረድኩ አገር አጣለሁ፣ ከወረድኩ ባንዳ እሆናለሁ" አለ። እማዬ "እንዳላየ ሆነህ እለፍ" አለችው። "እግሬ እምቢ ይለኛል፣ እማዬ። እሳቸውን ሳይ ራሱ ይነሳል።" እውነቱን ነው። አይቼዋለሁ።

ኅዳር ፬

የጎረቤታችንን ልጅ ወሰዱት። ባርኔጣ አድርገውለታል፤ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወርዷል። እናቱ እስከ ድልድዩ ተከተለችው። ወደ ጨቦ ነው አሉ።

አባባ ቢያየው ያውቀዋል። እኛ ቤት ነው ያደገው። ይተኩስበታል?… ተረፈስ ቢሆን? አላስብም። አላስብም።

ኅዳር ፮

አደረግሁት። ብቻዬን ሄድኩ።

ለእማዬ እንጨት ለቀማ አልኳት። እስከ ሰፈር ድረስ የምናገረውን በቃሌ ስደግም ሄድኩ። ስደርስ ጠፋብኝ።

አጎቴ ደበሌ አጥር ያጥራሉ። "ማነሽ? የአበራ ልጅ አይደለሽም?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ብቻሽን? ደግ ነገር ነው?"

መሬት መሬት አየሁ። ጉንዳን አጥሩ ሥር ተሰልፏል። ለጉንዳኖቹ የነገርኩ መስሎኝ ጀመርኩ። "ተረፈ… የፈተናው ቀን… ባይወርድ እንዳይቆጡት።"

"ሲያልፈኝ እያየሁት?"

"ከወረደ ይወድቃል፣ አባቴ። ከወደቀ ባንዳ ያስገቡታል። ጨቦ ይልኩታል።"

እጃቸው እንጨቱ ላይ ቆመ። ጨቦ ማን እንዳለ እኔ ልነግራቸው አያስፈልግም። ወንድማቸው ነው።

እንጨቱን መሬት አኖሩት። ከዚያ "ስሚ ልጄ" አሉኝ። "ሽማግሌ ተቀምጦ በላዩ የሚያልፍ ሰው አገር የለውም። ጣሊያን በየቀኑ በላያችን ያልፋል። እሱ ጣሊያን ነው፣ አይገርመኝም። የአበራ ልጅ እንደ ጣሊያን ሲያልፍ ሳይ ግን ምን ልበል?"

"አላየሁም ይበላ።"

ከኔ አፍ ነው የወጣው? ደነገጥኩ።

እሳቸውም ደነገጡ። "ያየሁትን አላየሁም አልልም" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ ዋሾ አልባልም።" አጥራቸውን ቀጠሉ። "ሂጂ። ፀሐዩ ሳይበረታ ግቢ።"

እምቢ ማለታቸው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኅዳር ፱

ለተረፈ አልነገርኩትም። እምቢ አሉ ብዬ ብነግረው ዳገቱ ላይ ይሳሳታል። አልሄድኩም ማለት ደግሞ አልችልም። ስለዚህ ዝም። ዝም ማለት እንደሁ እችልበታለሁ።

ዳገቱን ዛሬ ሁለቴ ሞተሩ ሳይጠፋ ወጣው። በሌላ ሰፈር በኩል ነው የተለማመድነው፣ ሽማግሌ በሌለበት።

ኅዳር ፲፫

ነገ።

ኅዳር ፲፬

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ፈታኙ ካሚዮኑ ላይ ሌላ ሰው እንዳይወጣ ከለከለ። ድንጋይም የለም፣ ድንጋይ ያዥም የለም። ስለዚህ እኔ ማልጄ በእግሬ ሰፈር ሄድኩ። ምን ላደርግ? አላውቅም። ዝም ብዬ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ከሴቶቹ ጋር ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አጥር ጥግ ቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ዝግባው ሥር ነበሩ። ከወትሮው ይበዛሉ። ለምን በዙ? ሊያዋርዱት ነው ብዬ አሰብኩ።

የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። ቀዩ ጨርቅ ታየ። ተረፈ መሪው ላይ፣ ከጎኑ ማሬሻሎው፣ ከበሩ በኩል አስተርጓሚው። ዳገቱን ጀመረው። የተረፈን ፊት አየሁት። ዓይኑ ሽማግሌዎቹን ይፈልጋል። እግሩ ሊነሳ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ሊወርድ ነው…

አጎቴ ደበሌ ተነሱ። ዱላቸውን ተከሉ። ከዚያ ዞሩ።

ጀርባቸውን ሰጡት።

ከሳቸው ጎን ያሉትም ተነስተው ዞሩ። አንድ በአንድ፣ ነጭ ጋቢ በነጭ ጋቢ፣ ዝግባው ሥር ያለው ሁሉ። ፊታቸው ወደ ቤቶቹ፣ ጀርባቸው ወደ መንገዱ።

መጀመሪያ ተጣላን፣ ካዱት ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ ገባኝ። "ያየሁትን አላየሁም አልልም" ነበር ያሉኝ። አላዩትም! ካላዩት አላለፋቸውም። ካላለፋቸው መውረድ የለበትም።

ለተረፈም ገባው መሰለኝ። ትከሻው ወረደ። ካሚዮኑ ቀጠለ።

ማሬሻሎው ግን እጁን አነሳ። "ፌርማ!" ቁም ማለት ነው፤ ይህን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ካሚዮኑ ቆመ፤ ዳገቱ መሃል፣ ሽማግሌዎቹ ጀርባ አጠገብ። ሰውዬው ወረደ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ወርዶ አጎቴን ጠየቃቸው።

"ማሬሻሎ ይጠይቃሉ። ለጣሊያን መንግሥት ጀርባችሁን የሰጣችሁት ለምንድን ነው?"

አጎቴ አልዞሩም።

"አባቴ፣ መልስ ይስጡ" አለ አስተርጓሚው፣ ዝቅ አድርጎ። "ለእርስዎ ብዬ ነው።"

ዝም። አይዋሹም። እውነቱንም መናገር አይችሉም። ማሬሻሎው ወገቡ ላይ ያለውን አለንጋ ፈታ። ተረፈ ከላይ ሆኖ ያያል፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ፤ ከተነሳ ካሚዮኑ ይንሸራተታል፣ ካልተነሳ አጎቱ ይገረፋሉ።

"አቧራው ነው!"

ማን ተናገረ? ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። እኔ ነኝ። መንገዱ መሃል ቆሜያለሁ፣ ነጠላዬ ወድቋል። "አቧራው ነው፣ ጌታዬ። መኪና ሲያልፍ አቧራው ዓይናቸውን ያማቸዋል። ሽማግሌዎች ናቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

አስተርጓሚው አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቀዩን ጨርቅ አየ፣ ተረፈን አየ። ሁሉን ነገር የተረዳ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ማሬሻሎው ዞሮ ተናገረ፣ ዓይኑን በእጁ እያሸ እያሳየው። ሰውዬው የገዛ እጅጌውን አየ። አቧራ ብቻ ነው። አራገፈው፣ ምራቁን ተፋ፣ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ። አለንጋውን መለሰ።

ገና አላለቀም። ካሚዮኑ ዳገት መሃል ቆሟል። ድንጋይ የለም። "አቫንቲ!" አለ ማሬሻሎው ወጥቶ እንደተቀመጠ፤ ቀጥል ማለቱ ነው።

ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ… በሆዴ እቆጥራለሁ። ሞተሩ ጮኸ። ጎማው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል "እንሰቴን!" ብለው አጥራቸውን ያዙ። ከዚያ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ወጣ። ወጣ!

ጫፍ ላይ ደርሶ እስኪሰወር ድረስ ሽማግሌዎቹ አልዞሩም።

ኅዳር ፲፭

አለፈ! ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። ከፈረንሳዩ ያንሳል፣ ቀለሙም አያምር። እማዬ ግን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሳመችው።

ተረፈ ቀዩን ጨርቅ ፈታ። ከዚያ ካሚዮኑን ጋሽ ሸምሶ በር ትቶ፣ በእግሩ ቸሃ ሄደ። የእያንዳንዱን ሽማግሌ ጉልበት ስሞ መጣ።

ኅዳር ፳፩

አጎቴ ደበሌ ቤታችን መጡ። እኔ ከጓዳ አልወጣሁም። "ልጅቷ የታለች?" አሉ። እማዬ ጎተተችኝ።

"እኔ ለመዋሸት አርጅቻለሁ" አሉኝ። "አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ። ለንስሐ ጊዜ አለሽ።" ሳቁ። ሲስቁ አባባን ይመስላሉ። ይህን አላውቅም ነበር።

ኅዳር ፳፰

ተረፈ ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሄደ። ባንዳ መዝጋቢዎች ትናንት በራችን መጥተው፣ ወረቀቱን አይተው አለፉ።

ከአባባ ወሬ የለም። ግን ቢያንስ አንድ ጥይት ከልጁ አይመጣበትም።

ታኅሣሥ ፰

ቅዳሜ። ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጥሏል፤ ገበያው ጭቃ ነው። ቆጮው እንዳይረጥብ ቅጠል ደርበንበታል።

እኩለ ቀን ላይ የጣሊያኑ ሹም አውቶሞቢል መጣች። ድሮ ሰው ከፊቷ እየሸሸ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያት ነበር፣ ባርኔጣ ያለውም ያወልቃል። ዛሬ ከጨው ተራው አንድ ሽማግሌ ተነስተው ዞሩ። ከቸሃ ናቸው፣ ዝግባው ሥር አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ጎናቸው ያለው ዞረ። ከዚያ ከብት ነጋዴዎቹ። ጋሽ ሸምሶ ሱቃቸው በር ላይ "ቢስሚላህ" ብለው ዞሩ፤ ዘይባ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ዞረች። እማዬ ቆጮዋን ትታ ዞረች። ማንም ምንም አልተናገረም። አውቶሞቢሏ በጭቃው ላይ ቀስ ብላ፣ በጀርባ መሃል አለፈች።

እኔም ዞሬ ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ግራ ገብቷት ክንዴን ያዘች።

"ምነው እህቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው?"

"አቧራው ነው" አልኳት። ጮክ ብዬ።